የጋራዥ ደረሰኝ የመኪና ዋጋ አይደለም

በአሜሪካ የቆዩ መኪኖች ገበያ ላይ አንድ ዓይነት የሽያጭ ማስታወቂያ ሳይሰለች ይደጋገማል። መኪናዋ የ1970 ሞዴል ሼቭሮሌት ሼቬል ኤስ ኤስ ናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከ ሻንሲዋ ድረስ ተፈታትታ ታድሳለች። ቀለሟ ፊት ያሳያል። ሞተሯ ከኮፈኑ ሥር እንደ ብር ዕቃ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ባለንብረቱ ለባትላሜራው፣ ለቀለሙ፣ ለሞተሩና ለወንበሩ ልብስ የከፈለባቸውን ደረሰኞች በሙሉ በአንድ ፋይል አስሮ አስቀምጧል። ማስታወቂያው የሚያበቃውም በዚሁ ፋይል ነው፤ መኪናዋ ከወጣባት ወጪ በታች አትሸጥም ይላል።

መኪናዋን መውደድ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ሻጩ ገዢውን የሚጠይቀው የመኪናዋን ዋጋ ሳይሆን የራሱን ያለፈ ወጪ እንዲተካለት ነው። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ይህን የሰመጠ ወጪ ይሉታል፤ አንዴ ከኪስ ወጥቷልና የነገውን ዋጋ የመወሰን አቅም የለውም።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። አሜሪካኖቹ መስል ካር፣ ማለትም ጡንቻማ መኪና የሚሏት፣ መካከለኛ መጠን ያላት ቤተሰባዊ መኪና የትልቅ መኪና ሞተር ሲገጠምላት ነው። ዘመኑን የከፈተችው በ1964 ሞዴል የወጣችው ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ እንደሆነች ብዙዎች ይስማማሉ። ጄኔራል ሞተርስ በወቅቱ ለመካከለኛ መኪኖቹ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች (5.4 ሊትር ያህል) የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን 389 ኪዩቢክ ኢንቹን ሞተር 300 ዶላር በማይሞላ ተጨማሪ ክፍያ የሚገጠም አማራጭ አድርገው አቀረቡት። ክልከላው አዲስ ሞዴልን እንጂ አማራጭን አይመለከትም በሚል ብልጠት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከ32,000 በላይ ተሸጡ።

ግብዣው ግን አሥር ዓመት አልሞላውም። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በወጣት ሾፌሮች ላይ የዓረቦን ጭማሪ ጫኑ፤ የ1970 የአየር ብክለት ሕግ መጣ፤ በ1973 መጨረሻ ደግሞ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሁሉንም ዘጋው። ሼቬል ኤስ ኤስ 454 ከነኃይለኛው ኤል ኤስ 6 ሞተሯ፣ በፋብሪካው አሐዝ 450 የፈረስ ጉልበት ይዛ የወጣችው በ1970 ብቻ ሲሆን፣ ብዛቷም 4,475 ያህል ነው። የዛሬው ውድነት ከዚህ ውስንነት የመጣ ነው።

ወደ ሂሳቡ እንመለስ። ሙሉ እድሳት ከ1,000 ሰዓት በላይ የሰው ጉልበት ሊበላ ይችላል። በአሜሪካ ጋራዥ አንዱ ሰዓት በ100 ዶላር ቢታሰብ እንኳ ጉልበቱ ብቻ 100,000 ዶላር ነው፤ መለዋወጫ፣ ቀለምና ክሮም ገና አልተነኩም። መኪናዋ ሳትታደስ 30,000 ዶላር ተገዝታ ከነበረ፣ ሻጩ ከ150,000 በታች ብሸጥ ከሰርኩ ቢል ከራሱ ፋይል አንጻር ሐሰት አልተናገረም። ይሁን እንጂ ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ክሮምና ያንኑ የወንበር ልብስ ገንዘብ ያለው ሁሉ ነገ ጠዋት ማሠራት ይችላል። ለሼቬልና ለካማሮ ከበር እስከ መከላከያ አዲስ ተመርተው የሚሸጡ ዕቃዎች ሞልተዋል። ሊደገም የሚችል ነገር ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ ገበያው ለብርቅነት እንጂ ለድካም አይከፍልም።

በጥር 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ በኪሲሚ ከተማ በሜከም ኩባንያ ጨረታ ላይ የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። ስቲቭ ማክዊን ‹‹ቡሊት›› በተሰኘው ፊልም ላይ የነዳት የ1968 ፎርድ ሙስታንግ ከነኮሚሽኑ በ3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። አንድ ቤተሰብ በ1974 የገዛት በ6,000 ዶላር ነበር። ለጨረታ ስትቀርብ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ዝገት የነካት፣ ለፊልሙ ካሜራ የተበየዱባት ብረቶች ሳይቀሩ እንዳሉ ነበሩ። አንድ ጎበዝ ቀለም ቀቢ አንድ ሳምንት ብቻ ቢያገኛት ኖሮ ስንት መቶ ሺህ ዶላር ያጠፋ እንደነበር መገመት ነው። እርግጥ ነው፣ የፊልም ታሪክ ያላት መኪና ከተራዋ ሼቬል ጋር አትወዳደርም። መርሁ ግን አንድ ነው፤ የተከፈለው ዳግመኛ ሊሠራ ለማይችለው ነገር ነው።

ለሼቬሏ ዳግመኛ የማይሠራው ነገር ማንነቷ ነው። እዚህ ላይ ገዢ ነቅቶ መጠበቅ አለበት። የ1970 ሼቬል የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ባለ ስምንት ሲሊንደር መሆኗን እንጂ ኤስ ኤስ መሆኗን አይናገርም። ስለዚህ ተራ ማሊቡ ገዝቶ፣ የኤስ ኤስ ምልክትና ትልቁን ሞተር ገጥሞ ዋጋውን ማናር ይቻላል፤ በዚህ መንገድ የተሠሩ መኪኖችም በገበያው ጥቂት አይደሉም። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የሻንሲው ቁጥር ከፊሉ በሞተሩ ብሎክ ላይ ይመታ ስለነበር ሁለቱን ማመሳከር ይረዳል፤ ነገር ግን ቁጥር የተመታበት ቦታ ተፍቆ አዲስ ሊመታበት ይችላል። ሊብሬ የባለቤትነት ማስረጃ እንጂ የትውልድ ሐረግ አይደለም። አስተማማኙ ማስረጃ መኪናዋ ስትገጣጠም ፋብሪካው ያወጣው፣ አንዳንዴ ከነዳጅ ታንኩ ላይ ወይም ከወንበሩ ሥር ተጣብቆ የሚገኘው የትዕዛዝ ወረቀት ነው። ያቺ ዝገትና ዘይት የጠጣች ብጣሽ ወረቀት ከጋራዥ ደረሰኞቹ ሁሉ ትበልጣለች።

ጉዳዩ የሀብታም ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ። ነገር ግን ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ለጡረታ ያጠራቀሙትን ያወጡ፣ ‹‹ኢንቨስትመንት ነው›› በሚል ቃል የተጽናኑ ሰዎች ናቸው። ቃሉ መፈተሽ ይገባዋል። መኪናዋ ቆማ የትርፍ ድርሻ አትከፍልም፤ መጋዘንና ኢንሹራንስ ግን ትበላለች። በትርፍ ብትሸጥ የአሜሪካ ግብር እንደ ስብስብ ዕቃ ቆጥሮ እስከ 28 በመቶ ሊወስድ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ለተያዘ አክሲዮን ከፍተኛው ተመን 20 በመቶ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሰማይ የነካው የእነዚህ መኪኖች ዋጋ ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ክፉኛ መውረዱም መረሳት የለበትም። ከሁሉ በላይ፣ በ1970 የ18 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ በእነዚህ መኪኖች የተቃጠለው ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት አልፏል። የሱ ትውልድ ከገዢነት ወደ ሻጭነት እየተሸጋገረ ነው፤ ወራሾቹም ከመኪናው ይልቅ ገንዘቡን ቢመርጡ አይፈረድባቸውም።

አዲስ አበባ ላይ አሮጌ ኮሮላ ዲ ኤክስ ዓመት በቆጠረ ቁጥር ዋጋው ሲጨምር ያየ ሰው በዚህ ክርክር ሊገረም ይችላል። የዲ ኤክሱን ዋጋ ይዞ የቆየው ግን የአዲስ መኪና ቀረጥ ነበር፤ ገዢውም ተሳፍሮ የሚሄድበትን ነው የሚፈልገው። ሼቬሏን የሚገዛ ሰው ሥራ የሚሄደው በሌላ መኪና ነው።

ከዚህ ሁሉ አንጻር የታደሰችዋን መግዛት ሞኝነት ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። መኪናዋን ለመንዳትና ለመደሰት ለሚፈልግ ሰው፣ ዝገት የበላት ገዝቶ ራሱ ከማሳደስ ሌላ ሰው አሳድሶ የከሰረባትን መግዛት ይሻላል። ያ ኪሳራ ለገዢው ቅናሽ ነው። የትዕዛዝ ወረቀቷን ይጠይቅ፤ ከስቱኮ ሥር ያለውን ብረት የሚያውቅ ገለልተኛ ሜካኒክ ይዞ ይሂድ፤ ፋይሉን በአክብሮት አገላብጦ ይመልስና ተመሳሳይ መኪኖች በቅርቡ በተሸጡበት ዋጋ ይደራደር።

እምቢ የሚል ሻጭ በርግጥ ሌላ አማራጭ አለው። መኪናዋን ጨረታ ይዞ ይሄዳል፤ ከዚህ በታች አትሸጥም የሚለውን መነሻ ያስመዘግባል። የተጫራቾች ዋጋ እዚያ ሳይደርስ መዶሻው ከወረደ መኪናዋ ተጎታች ላይ ተጭና ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ የመመዝገቢያውና የማጓጓዣው ደረሰኝም ከቀሩት ጋር ፋይሉ ውስጥ ይገባል።