«ሲሟላ እንከፍታለን»

ሰሞኑን ከአንድ ሥዕል ወዳድ ባልንጀራዬ ጋር ቡና እየጠጣን ስንጨዋወት ጨዋታችን ወደ ሙግት ተለወጠ። ያሟገተን ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው አንድ ፈረንሳዊ ሹም ነው። ባልንጀራዬ፣ «የፓሪሱን የሉቭር ሙዚየም አብዮቱ መሠረተው የሚሉት ሐሰት ነው፤ እውነተኛው መሥራች የንጉሡ ሹም ኮንት ዳንዢቪዬ ነበር። እሱ አርሶ፣ እሱ ዘርቶ፣ አብዮተኞቹ አጨዱት» አለኝ። ይህ አባባል የእሱ ብቻ አይደለም፤ በመጻሕፍትም ተደጋግሞ ይነገራል። ከፊሉም እውነት ነው። እኔን ለሙግት ያስነሳኝ ግን የቀረው ከፊሉ ነው።

ሰውየውን ለማያውቁት አንባብያን ባጭሩ ላስተዋውቅ። ሻርል ክሎድ ፍላኦ፣ በማዕረግ ስሙ ኮንት ዳንዢቪዬ፣ በ1730 ተወለደ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በውትድርና ጀምሮ ወደ ቤተ መንግሥት ዘለቀ፤ በዚያም ለንጉሣውያኑ ልጆች ከተመደቡት ባለሟሎች አንዱ ሆነ። ከነዚያ ልጆች አንዱ በ1774 ሉዊ 16ኛ ተብሎ ሲነግሥ የልጅነት ባለሟሉን አልረሳም፤ የንጉሡ ሕንፃዎች ዋና ዳይሬክተር አድርጎ ሾመው። ስሙ የግንበኛ አለቃ ያስመስለው እንጂ ሹመቱ ከዚያ የሰፋ ነበር። የንጉሡ ሥዕልና ሐውልት፣ የአትክልት ሥፍራው፣ የሥዕል አካዳሚው ሳይቀር በዚህ ሹም እጅ ነበሩ።

የሠራውን አልክድም። በ1776 ሌ ሱውር የቅዱስ ብሩኖን ሕይወት የሳለባቸውን 22 ሥዕሎች ከፓሪስ ገዳም ወደ ንጉሡ ስብስብ አስገባ። በዓመቱ ሬምብራንት የሳለው የኤማሁስ እራት ለጨረታ ሲቀርብ ተገዛ። በ1782 ደግሞ እስፓኛዊው ሙሪዮ የሳለው ለማኝ ልጅ ተጨመረ። ዳቪድ ስመ ጥር የሆነበትን «የሆራሲዎች መሐላ» ለንጉሡ የሳለው በእሱ የሹመት ዘመን ነው። ዴካርትንና ፓስካልን የመሰሉ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በእብነ በረድ እንዲቀረጹም አዘዘ። ይህ ሁሉ የተሰበሰበው ለንጉሡ መኝታ ቤት ማስጌጫ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከ400 ሜትር በላይ ይረዝም በነበረው በሉቭር ታላቅ አዳራሽ ለሕዝብ ሊታይ ታስቦ ነው። ዱፕሌሲ በ1779 በሳለው የሹሙ ምስል ላይ የዚያው አዳራሽ ንድፍ ይታያል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ንድፉስ ነበረ፣ ቁልፉ የት ሄደ?

ከ1774 እስከ 1791 አሥራ ሰባት ዓመት ነው። በነዚያ አሥራ ሰባት ዓመታት የአዳራሹ በር ለሕዝብ አንድ ቀን አልተከፈተም። በ1777 በውስጡ የነበሩት የምሽግ ከተሞች ሞዴሎች ተነሥተው አዳራሹ ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ የብርሃን ክርክር መጣ። በግራና በቀኝ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ሥዕሉን ያንጸባርቀዋልና ጣሪያው ተከፍቶ ከላይ ይግባ ተባለ። ቀጥሎ የእሳት ሥጋት ተነሣ፤ የእንጨቱ ጣሪያ በብረት ይለወጥ ተባለ። አርክቴክቶች ተሰበሰቡ፤ ጥናት አቀረቡ፤ ጥናቱ በሌላ ጥናት ተመረመረ። በ1784 ሠዓሊው ኡቤር ሮቤር የሙዚየሙ ሥዕሎች ጠባቂ ሆኖ ተሾመ። ጠባቂ ነበረ፤ ሙዚየም ግን አልነበረም። በ1789 በአጠገቡ ያለው ካሬ ሳሎን ብቻ ከጣሪያው ብርሃን እንዲገባለት ተደረገ። በዚያው ዓመት ባስቲል ወደቀ።

ባልንጀራዬ ሊነግረኝ ያልፈለገው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከዳንዢቪዬ ሹመት በፊት ሕዝቡ የሚያየው ነገር ነበረው! ላ ፎን ደ ሴንት የን የተባለ ጸሐፊ የንጉሡ ሥዕሎች በቬርሳይ ተዘግቶባቸው እንደሚበላሹ በ1747 አጋልጦ ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1750፣ መቶ ያህል ሥዕሎች በሉክሰምቡርግ ቤተ መንግሥት ተሰቅለው በሳምንት ሁለት ቀን ለሕዝብ ይታዩ ጀመር። ፍጹም አልነበረም፤ ነገር ግን በሩ ክፍት ነበር። በ1779 ገደማ ቤተ መንግሥቱ ለንጉሡ ወንድም በመሰጠቱ ጋለሪው ተዘጋ። ውሳኔው የንጉሣውያኑ ቤት ጉዳይ ነውና በሹሙ ላይ ብቻ አልጭነውም። ዳሩ ግን ለመቶዎቹ ሥዕሎች በሉቭር ግድግዳ ጠፍቶ ነበርን? ባዶው አዳራሽ እዚያው ቆሞ አልነበረምን? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይህ ነው። ታላቁ ሙዚየም እስኪሟላ ትንሹ ጠፋ፤ ፓሪስም ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ቋሚ የሥዕል ማሳያ ቆየች።

ያ የሙሪዮ ለማኝ ልጅ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ባዶ እግሩን፣ ቡትቶ ለብሶ፣ ግድግዳ ጥግ ተቀምጦ ከልብሱ ላይ ቅማል ይለቅማል። የሚያበራለት ምን መሰላችሁ? ከጎን በመስኮት የገባ ብርሃን! ሠዓሊው ድሃውን ልጅ በመስኮት ብርሃን አሳምሮ ሲያሳየን፣ የንጉሡ ሹም ግን ያንኑ ሥዕል በመስኮት ብርሃን ለማሳየት ተጸየፈ። የፈረንሳይ ንጉሥ የለማኝ ምስል ገዝቶ አስቀመጠ፤ በፓሪስ ጎዳና የሚዞረው እውነተኛው ለማኝ ግን የራሱን መልክ ሊያይ አልቻለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ ሦስት መልስ ያቀርባሉ። አንደኛው፣ ገንዘብ አልነበረም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ፈረንሳይ ከ1778 ጀምሮ በአሜሪካ ጦርነት ገብታ ግምጃ ቤቱ ተራቁቷል። ነገር ግን ገንዘብ የጠፋው ለጣሪያው ነው እንጂ ለመዶሻና ለምስማር አይደለም። ሥዕል ለመግዣ የተገኘ ገንዘብ ሥዕል ለመስቀያ እንዴት ይጠፋል? ሁለተኛው፣ ሕዝቡ ገና አልሠለጠነም የሚል ነው። ለዚህ መልሱ እዚያው ሉቭር ውስጥ አለ። በየሁለት ዓመቱ የአካዳሚው ሠዓሊዎች ሥራ በካሬው ሳሎን በነጻ ሲታይ የፓሪስ ሰው ከመኳንንት እስከ አገልጋይ ይጎርፍ ነበር፤ ይህንንም ትዕይንት የሚመራው የዳንዢቪዬው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው!

ሦስተኛው ክርክር ከበድ ይላል። አብዮተኞቹ ቸኩለው ከፈቱት፤ ሕንፃው ጥገና ስለፈለገ በ1796 መልሰው ዘጉት ይላሉ። አዎን፣ ዘጉት። ግን ልዩነቱን እንመልከት። ሉቭር ነሐሴ 10 ቀን 1793 ሲከፈት 537 ሥዕሎች በዚያው በተናቀው የመስኮት ብርሃን ተሰቅለው ነበር። ታላቁ አዳራሽ ከጣሪያው ብርሃን ማግኘት የጀመረው ከዓመታት በኋላ፣ ሥራውም ቀስ በቀስ ነው። በሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ወዲህ ግን መዝጋት ምክንያትና ቀጠሮ የሚጠየቅበት ነገር ሆነ። በ1796 የተዘጋው ባለቤት ያለው ቤት ነውና በ1799 ተመልሶ ተከፈተ። የዳንዢቪዬ ሙዚየም ግን አልተከፈተምና «መቼ ነው የምትከፍቱልን?» ብሎ የሚከስ ባለመብት አልነበረውም።

አብዮቱን ላወድስ አልተነሣሁም፤ ደሙንም አልረሳሁም። የዳንዢቪዬ መጨረሻም ያሳዝናል። በአስተዳደሩ ተከሶ፣ ንብረቱ ተወስዶ፣ በ1791 አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1809 በሐምቡርግ አጠገብ በአልቶና ሞተ። ዕድሜውን ያፈሰሰበትን ሙዚየም ሌሎች ከፈቱት። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል። ሐዘኔ ግን ፍርዴን አይለውጠውም። ሰብሳቢ ነው? አዎን፣ ታላቅ ሰብሳቢ። ያለ እሱ በ1793 ግድግዳው በሳሳ ነበር። መሥራች ነው? አይደለም። ሙዚየም የሚመሠረተው ሥዕሉ በተገዛበት ቀን ሳይሆን የመንገድ ሰው ገብቶ ፊት ለፊቱ በቆመበት ቀን ነው።

«ሲሟላ እንከፍታለን» የምትለው ቃል ክፋት ስለሌላት ነው አደገኛ የምትሆነው። የምትወጣው ከሰነፍ አፍ አይደለም፤ ከትጉህ፣ ከንጹሕ፣ ሥራውን ከሚወድ ሹም አፍ ነው። ለዚህም ነው የሚከራከራት የሚጠፋው። ሰነፍን ሰው ይወቅሰዋል፤ ፍጹም ካልሆነ አላሳይም የሚለውን ግን ያመሰግነዋል፤ እየተመሰገነም ትውልድ ሳያይ ያልፋል። በ1779 ሃያ ዓመት የሞላው የፓሪስ ወጣት ሉቭር ሲከፈት ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። የእነዚያን ዓመታት ዕዳ የትኛው የጣሪያ ብርሃን ይከፍለዋል?

ባልንጀራዬ አሁንም አልተረታም። ቡናችንን ጨርሰን ስንነሣ፣ «ቢሆንም ብርሃኑ መጥፎ ነበር» አለኝ። መጥፎ ብርሃን ነው። ሥዕሉን ካዩ በኋላ ስለ ብርሃኑ ማማረር ግን የተመልካቾች መብት ነው፤ መጀመሪያ ያስገቧቸው።