የራዲዮ ኮንሰርት ሰሚ መብትና ግዴታ

ክላሲካል የሚባለው የአውሮፓ ሙዚቃ በራዲዮ ሲተላለፍ በተማሪዎች መካከል ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «ይህ የማይገባ ጩኸት ነውና ቁልፉን አዙሩልን» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ያልገባው ሰው ዝም ብሎ ይስማ፤ በታላላቅ ሰዎች ሥራ ላይ አስተያየት ለመስጠት ማን ነኝ ብሎ ነው?» እያለ ይቆጣል። የፊተኛው ሰሚውን ንጉሥ ያደርገዋል፤ የኋለኛው አሽከር ያደርገዋል። በእኔ አስተሳሰብ ሁለቱም አልተስተካከሉም። ሰሚ ከኮንሰርቱ ተካፋዮች አንዱ ነው። ተካፋይ ስለ ሆነ መብት አለው፤ መብት ስላለውም ግዴታ አለበት። ይህን ለማስረዳት ጥቂት ታሪኮችን አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኮንሰርት ጊዜ እንደ ሐውልት ዝም ብሎ መቀመጥ ከጥንት የወረደ ሕግ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሞዛርት በ1778 በፓሪስ አዲስ ሲምፎኒ ባሰማ ጊዜ፥ አድማጮቹ የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ ደስ ያሰኛቸው ዜማ እንደ ደረሰ አጨበጨቡ። ሞዛርትም አልተቀየመም። እንዲያውም ያን ቦታ ሲጽፍ ሕዝቡን ደስ እንደሚያሰኝ ዐውቆ እንደ ነበረና ስለዚህም ወደ መጨረሻው እንደ ደገመው ለአባቱ በደስታ ጽፎለታል። የቤትሆቨን ሰባተኛው ሲምፎኒም በ1813 በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ፥ ሕዝቡ ሁለተኛው ክፍል ይደገምልን ብሎ ተደግሞለታል። በሲምፎኒ ክፍሎች መካከል አለማጨብጨብ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የመጣ ልማድ ነው። ልማዱ ጥቅም የለውም አልልም፤ ዝግ ብሎ የሚሰማውን ድምፅ ከሁካታ ያድናል። ነገር ግን ጨዋነትን የሚያስተምር ልማድ አንድ ነገር ነው፤ «ያጨበጨበ ሁሉ መኻይም ነው» ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሞዛርትን ያስደሰተ ጭብጨባ እኛን የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

ራዲዮ በመጣ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። በለንደን በ1895 የተጀመሩትንና ፕሮምስ በሚል አጭር ስም የሚታወቁትን ኮንሰርቶች ቢቢሲ በ1927 ተረከባቸው። በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከ1931 የገና ቀን ጀምሮ ሙሉ ኦፔራዎችን ማሰራጨት ጀመረ። በዚያው ከተማ በ1937 ታዋቂው የኦርኬስትራ መሪ ቶስካኒኒ ለራዲዮ ተብሎ በተቋቋመ ኦርኬስትራ ፊት ቆመ። በዚያ ስቱዲዮ የወረቀት ኮሽታ ማይክሮፎን ውስጥ እንዳይገባ ፕሮግራሙ በሐር ጨርቅ ላይ ታትሞ ይታደል እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ በሩቅ ላለው ሰሚ ሲባል፥ በአዳራሹ ያለው ሰሚ ድምፁ እንዳይሰማ ተደረገ ማለት ነው። በሩቅ ያለው ሰሚ ግን ማንም አያየውም። ይበላል፤ ያወራል፤ ልብሱን ይተኩሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጁ በራዲዮው ቁልፍ ላይ ነው። በአዳራሽ ያለ ሰው ቢሰለች እንኳ ጎረቤቱን አፍሮ ይቀመጣል፤ ስለ ተቀመጠም አንዳንድ ጊዜ በመጨረሻው ላይ የሚወደውን ያገኛል። የራዲዮ ሰሚ የሚያፍረው ሰው የለውምና በሦስተኛው ደቂቃ ፈርዶ ይሄዳል። ዛሬ ቁልፉ በየኪሳችን ባለው ስልክ ላይ ስለ ሆነ ፍርዱ ይበልጥ ፈጥኗል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ እኛ ግን አፍስሰን እንኳ አንለቅምም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ቴዎዶር አዶርኖ ናዚዎችን ሸሽቶ በአሜሪካ ሲኖር፥ ራዲዮ ሲምፎኒን እንደሚያሳንስ በ1941 በታተመ ጽሑፉ ተከራክሯል። በእርሱ አስተያየት ታላቁ ድምፅ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ግርማው ይጠፋል፤ ሰሚውም የሥራውን ጠቅላላ አሠራር መከታተሉን ትቶ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ብቻ እየለቀመ ይደሰታል። ይህ ትዝብት ከእውነት የራቀ አይደለም። በየመኝታ ቤታችንም የምናየው ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የሣጥኑ ብቻ አይደለም። ለንደንም ሆነ ቪየና ሊሄድ ለማይችል ተማሪ ከራዲዮ ሌላ በር የለውም። በሩ ጠባብ ነው ተብሎ አይዘጋም፤ የሚገባው ሰው ጎንበስ ማለትን ይማራል እንጂ።

ይህ የትዕግሥት ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በማኅሌት ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፎ የሚቆም ሰው፥ ረጅም ዜማ ቀስ ብሎ እንደሚገለጥ ያውቃል። በሌላ በኩል በአዝማሪ ፊት የሚቀመጥ ሰው ዝም አይልም፤ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ከኮንሰርት ወይም ከአዝማሪ ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ለማለት የፈለግሁት፥ ታግሦ መስማትንም ሆነ ለሰሙት መልስ መስጠትን ከባዕድ መማር የሌለብን መሆኑን ነው። የጎደለን፥ ሁለቱን ባንድነት ይዞ ወደ ራዲዮው መቅረብ ነው።

አሁን ደግሞ ሰሚዎች ስለ ተቆጡበት ጊዜ ልናገር። የፕሮምስ የመዝጊያ ምሽት ሰንደቅ ዓላማ የሚውለበለብበት፥ ሕዝቡም አብሮ የሚዘምርበት የደስታ ምሽት ነው። በ1995 በዚህ ምሽት «ፓኒክ» የተባለ አዲስ ሥራ ቀረበ። ደራሲው እንግሊዛዊው ሃሪሰን በርትዊስል ሲሆን፥ ሥራው ለሳክስፎን፥ ለከበሮና ለትንፋሽ መሣሪያዎች የተጻፈ ነው። ስሙ ፓን ከተባለው የግሪኮች የዱር አምላክ የተገኘ ነው፤ ድምፁም እንደ ስሙ የዱር ነው። የለመዱትን መዝሙር ይጠብቁ የነበሩ በየቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ወደ ቢቢሲም የተቃውሞ ስልክ በብዛት ጎረፈ።

እነዚህ ሰዎች ጥፋተኞች ናቸውን? በበኩሌ መደወላቸውን አልነቅፍም። የተጠበቀውና የቀረበው ሲለያይ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የሰሚ መብት ነው። አንድ ሰው ሥራው አልጥምህ አለኝ ቢልም ማንም ሊከራከረው አይችልም፤ ጆሮው የራሱ ነውና። ስሕተት የሚሆነው «አልጣመኝም» የሚለው ቃል «ስለዚህ ሊሰማ አይገባውም» ወደሚል ፍርድ ሲለወጥ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ዛሬ የጠላውን ነገ ሊለምደው እንደሚችል ባለቤቱ ራሱ አያውቅም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ በእነዚሁ ኮንሰርቶች ውስጥ ይገኛል። ከራዲዮ በፊት በ1912 የፕሮምስ መሪ ሄንሪ ውድ የሾንበርግን አምስት የኦርኬስትራ ሥራዎች በለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሰማ ከአድማጩ ፉጨት ተነሣበት። በ1914 ሾንበርግ ራሱ ለንደን መጥቶ ያንኑ ሥራ በዚያው አዳራሽ ሲመራ ግን ሕዝቡ በጸጥታ ሰምቶ በአክብሮት ተቀበለው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ሄንሪ ውድ የፉጨቱን ድምፅ ቈጥሮ ሥራውን ለዘለዓለም ቢያስቀር ኖሮ፥ የፉጨቱ ባለቤቶች ራሳቸው ይጎዱ ነበር።

ሰሚ ግን ሲቆጣ ብቻ የሚታወስ አይደለም፤ የሚወደውን ሲያጣም ድምፁን ያሰማል። ቢቢሲ በ1946 ለከባድ ሙዚቃ፥ ለድራማና ለትምህርታዊ ንግግር ሦስተኛው ፕሮግራም የሚባል ሥርጭት አቋቁሞ ነበር። ሰሚው ጥቂት ነበርና በ1957 ሰዓቱ እንዲቀነስ ሲወሰን፥ እንደ ባለቅኔው ኤሊየትና እንደ ሙዚቃ ደራሲው ቮን ዊልያምስ ያሉ ሰዎች የተካፈሉበት ተቃውሞ ተነሣ። የሰዓቱ መቀነስ አልቀረም፤ ዓላማው ግን አልሞተም፤ እስከ ዛሬ ራዲዮ 3 በሚባለው ጣቢያ ይኖራል። በአሜሪካም በ1940 ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ገንዘብ ባስፈለገው ጊዜ፥ ከተሰበሰበው መዋጮ ከፊሉ የመጣው ከራዲዮ ሰሚዎች ነው። እነዚህ ሰዎች በሩቅ ቢሆኑም እንደ ባለቤት ቆመዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ኦገስት 21 ቀን 1968 በለንደን የሆነው ነው። ባለፈው ሌሊት የሶቪየት ኅብረትና የተባባሪዎቿ ጦር ቼኮስሎቫኪያ ገብቶ ነበር። በዚያው ምሽት በሮያል አልበርት አዳራሽ በፕሮምስ እንዲጫወት አስቀድሞ የተመደበው የሶቪየት የመንግሥት ኦርኬስትራ ነበር። ይባስ ብሎ ቼሎ ተጫዋቹ ሮስትሮፖቪች የሚያቀርበው ሥራ የቼኩ የድቮርዣክ ኮንሰርቶ ሆነ። ኮንሰርቱ ሲጀመር ከአዳራሹ የተቃውሞ ጩኸት ተሰማ፤ ጩኸቱም በራዲዮ ተላልፏል። ሮስትሮፖቪች እያለቀሰ ተጫወተ። ሲጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እርሱም የድቮርዣክን የሙዚቃ ጽሑፍ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። በዚያ ቀን ከዚህ የሚበልጥ ምን ሊናገር ይችል ነበር?

«ሙዚቃና ፖለቲካ ምን አገናኛቸው? ጯሂዎቹ ኮንሰርቱን አበላሹ» የሚሉ ይኖራሉ። ተጫዋቾቹ ጦር አላዘመቱምና ቁጣው የወደቀው በማይገባቸው ሰዎች ላይ ነው ቢባል እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፥ አዳራሹ ከጮኸ በኋላ ሰምቷል፤ እስከ መጨረሻው ስለ ሰማም ጩኸቱና ጭብጨባው የተለያየ አድራሻ እንዳላቸው ታወቀ፤ ጩኸቱ ለወራሪው፥ ጭብጨባው ለሰውዬው ነው። ሁለተኛ፥ የራዲዮ ሠራተኞች የአዳራሹን ድምፅ ለማጥፋት ቢሞክሩ ኖሮ በየቤቱ ያለው ሰሚ የሚሰማው ኮንሰርት ውሸት ይሆን ነበር። እንደ ሐር ፕሮግራሙ ዘመን ሰሚውን ጨርሶ ከማይክሮፎን መደበቅ ይቻላል፤ የዚያ ምሽት እውነት ግን የሚገኘው ከነሰሚው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከዚህ ሁሉ የማገኘው ትምህርት የሚከተለው ነው።

የሰሚ የመጀመሪያ ግዴታ ከመፍረዱ በፊት እስከ መጨረሻው መስማት ነው። አንድ ሲምፎኒ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ አይበልጥም። መምህር እያስተማረ በሦስተኛው ደቂቃ ተነሥቶ መውጣት ነውር ከሆነ፥ ሙዚቃውም ቢያንስ አንድ ጊዜ ያው ክብር ይገባዋል። ሁለተኛው ግዴታ ምክንያትን መስጠት ነው። «አልወደድሁትም» ካልን በኋላ ምኑን እንዳልወደድነው እንናገር፤ ርዝመቱን ነው? ድምፁን ነው? ወይስ ስለ ምን እንደ ተጻፈ የሚነግረን ሰው በማጣታችን ነው?

የራዲዮ ጣቢያም የራሱ ግዴታ አለበት። ሥራው ከመሰማቱ በፊት ማን እንደ ጻፈው፥ ለምን እንደ ጻፈው፥ ምኑን ማዳመጥ እንደሚጠቅም በሁለት ደቂቃ ግልጽ አማርኛ ቢነገር ብዙ ሰው ቁልፉን ከማዞር ይታገሣል። የሚነቅፉትንም ሆነ የሚያመሰግኑትን አስተያየቶች በአየር ላይ ያንብብ። ነገር ግን የነቃፊዎችን ቍጥር እየደመረ ፕሮግራም አይሰርዝ። ሰሚን ማክበር ማለት የጠየቀውን ብቻ መስጠት አይደለም፤ ሊወደው የሚችለውን ነገር ማቅረብም ጭምር ነው።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሳምንት አንድ ምሽት ለአንድ ሰዓት የማዳመጫ ጊዜ ይመደብ። ሥራው እስከ መጨረሻው ይሰማ፤ ከዚያም ለሩብ ሰዓት ያህል የወደደም ያልወደደም ይናገር። የተመረጠውም ሁልጊዜ የአውሮፓ አይሁን፤ አንድ ሳምንት ሲምፎኒ ከሆነ በሚቀጥለው የበገና ወይም የመሰንቆ ይሁን፤ በሁሉም ላይ የሚሠራው የመስማት ደንብ ግን አንድ ይሁን። መምህሮቻችንም እንዲገኙልን እንለምናለን፤ የሚመጡት ግን ሊፈትኑን ሳይሆን አብረውን ሊሰሙና አብረውን ሊከራከሩ ይሁን። ቁልፍ አዙሩልን የሚሉት ወንድሞችና እኅቶች ከሁሉ በፊት ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የእነርሱ ተቃውሞ ከሌለ ክርክሩ አይጥምም።