የኢሜይል መላኪያ ትእዛዝ ስያሜ ከመዝገብ ቤት ይጀምር

ሐይቅ ላይ ከሚገኙት የተሁለደሬ ወረዳ መሥሪያ ቤቶችም ሆነ ውጫሌ ላይ ከሚገኙት የአምባሰል ወረዳ መሥሪያ ቤቶች የሚወጣ ደብዳቤ መልኩ አንድ ነው። በራስጌው ቁጥርና ቀን ይሰፍራል፤ ቀጥሎ «ለ» ብሎ ተቀባዩን ይጠራል፤ ከዚያ «ጉዳዩ» ይላል፤ ሐተታው «ከሰላምታ ጋር» በሚለው ይዘጋና ፊርማና ማኅተም ያርፍበታል። በግርጌው ደግሞ «ግልባጭ» ከሚለው ቃል ሥር ጉዳዩን እንዲያውቁት የተደረጉት ክፍሎች ይዘረዘራሉ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ቅርጽ ለመረዳት መመሪያ አያገላብጥም። በአማርኛ የሚሠራ የኢሜይል መላኪያ መሣሪያ ለማዘጋጀት የተነሣ ባለሙያ ግን ቀድሞ የሚፈተነው የእንግሊዝኛውን የአማራጮች ዝርዝር ከፊቱ ዘርግቶ አንድ በአንድ በመተርጎም ነው። ስያሜው ከመዝገብ ቤቱ ቢጀምር መሣሪያው የተሻለ ይሆናል የሚለው የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው መሣሪያ በአዝራርና በመስኮት የሚሠራው አይደለም፤ በትእዛዝ መስመር ላይ ስሙ ተጽፎ፣ ከስሙ ቀጥሎ በሰረዝ የሚጀምሩ አማራጮች ተደርድረውለት የሚሠራው ነው። ለግለሰብ ደብዳቤ ጸሓፊ አድካሚ ይመስላል። የአንድ ትምህርት ክፍል ውጤት ለአራት መቶ ተማሪዎች በሌሊት እንዲላክ ሲፈለግ ግን ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ነው፤ ስሕተቱም በዚያው ልክ በአራት መቶ ይባዛል።

አሁን በሥራ ላይ ያሉት መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንኳ አይስማሙም። ርዕሰ ጉዳይ «ኤስ»፣ ግልባጭ «ሲ»፣ ስውር ግልባጭ «ቢ» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል መጠራታቸው ከሞላ ጎደል የጋራ ነው። «ኤ» ላይ ሲደረስ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል። በኤስ-ኔይልና በመት ይህ ፊደል ፋይል ማያያዣ ነው፤ በግኑ ሜይልዩቲልስና በዴቢያኑ የቢኤስዲ ሜይልኤክስ ግን በመልእክቱ ራስጌ ላይ ተጨማሪ መስመር መጻፊያ ነው። ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ያለ እንከን አባሪ ሲልክ የኖረ ትእዛዝ ወደ ሌላ ሥርዓት ሲዛወር ሌላ ትርጉም ይይዛል። አንድ ፊደል ለባለቤቱ ምልክት፣ ለእንግዳ ግን እንቆቅልሽ ነው። «አምባሰል» የሚለው ስም የክራር ቅኝት መሆኑን የሚያውቀው የተማረው ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ ላልተማረው ተራራ ነው።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። የእንግሊዝኛውን ስያሜ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «ርዕስ» ወይም «ርዕሰ ጉዳይ» ይላል። በኢትዮጵያ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ግን ርዕስ የለም፤ ያለው «ጉዳዩ» ነው፤ ርዕስ የመጽሐፍና የጋዜጣ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል፤ ነገር ግን «ጉዳዩ» የሚል አማራጭ ያየ ሠራተኛ ከጎኑ ምን መጻፍ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል፤ እጁም «…ን ይመለከታል» ወደሚለው ይሄድለታል። «ግልባጭ»ም እንዲሁ ከነትርጉሙ የተዘጋጀ ቃል ነው። በደብዳቤው ግርጌ የተጻፈው የግልባጭ ዝርዝር ደብዳቤው ለደረሰው ሁሉ የሚታይ ስለሆነ፣ የኢሜይሉም ግልባጭ ሁሉም የሚያየው መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። «አባሪ»፣ «ወጪ»፣ «ገቢ» የሚሉትም ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተነሥተው ሊወሰዱ የሚችሉ ናቸው።

በደብዳቤው ላይ አቻ የሌለው ስውር ግልባጭ ነው። ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ላይ ተቀባይን መደበቅ የሚያስችል ቦታ አልተዘጋጀም። ይህ ክፍተት ትኩረት ያሻዋል፤ ምክንያቱም ከአማራጮቹ ሁሉ ስሕተቱ ሰውን የሚጎዳው ይህኛው ነው። ለሕመምተኞች ወይም ለተፈናቃዮች የሚላክ መልእክት በስውር ግልባጭ ፈንታ በግልባጭ ከሄደ የሁሉም አድራሻ ለሁሉም ይገለጣል። አደጋው በተጠቃሚው እጅ ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን የመት መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ እንደ ኤግዚምና ኩሪየር ያሉ አንዳንድ የመልእክት አስተላላፊዎች የስውር ግልባጩን መስመር ከመልእክቱ ላይ እንደማያነሡት ይገልጻል። ስለዚህ ስሙ አጭር መሆን የለበትም። «ስውር-ግልባጭ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ አንድ ፊደል አይሰጠው። በጣት መሳት «ሲ» እና «ቢ» ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ በእንግሊዝኛው የቁልፍ ሰሌዳ ላይም የሚለያያቸው የ«ቪ» ቁልፍ ብቻ ነው።

አጭር ስም የሚገባቸው ሌሎች ናቸው፤ እነርሱንም ሰዋስዉ አስቀድሞ አዘጋጅቷቸዋል። «ለ» እና «ከ» በአማርኛ ከአንድ ፊደል አይበልጡም። ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ፤ በትእዛዝ መስመርም የአጭር አማራጭ ዋጋ ከአማራጩ ጋር ተጣብቆ እንዲጻፍ ይፈቀዳል። ልማዱና ሥርዓቱ እንዲህ ሲገጥሙ ማየት ደስ ያሰኛል። እንቅፋቱ ከሥር ነው። የፖዚክስ ሦስተኛው የአጻጻፍ መመሪያ የአማራጭ ስም ከመሠረታዊው የፊደል ስብስብ የተወሰደ አንድ ፊደል ወይም አኃዝ እንዲሆን ያዛል፤ ፊደለ ግእዝ በዚያ ስብስብ ውስጥ የለም። በሲ ቋንቋ የተጻፉት መሣሪያዎች የሚጠቀሙበት ጌትኦፕትም የሚቆጥረው ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው። በዩቲኤፍ-8 «ለ» ሦስት ባይት ነው፤ 225፣ 136፣ 136። «ከ» ደግሞ 225፣ 138፣ 168 ነው። በዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደል ዋና ክፍል ውስጥ ያሉት ሆሄያት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው ያው 225 ስለሆነ፣ ጌትኦፕት በመጀመሪያው እርምጃ ለተቀባይና ለላኪ ያለውን ልዩነት ማየት አይችልም። የፓይተኑ አርግፓርስ ግን ፊደልን ስለሚቆጥር «ለ»ን ያለ ችግር ይቀበላል። ረጅሞቹ ስሞች በሁለቱም ዘንድ ይሠራሉ። እንግዲህ የአማርኛ አጭር አማራጭ የማይቻል ነገር አይደለም፤ የመሣሪያው መሥሪያ ቋንቋ ሲመረጥ አብሮ የሚመረጥ ነገር ነው።

ከባይት የከፋው የሞክሼ ሆሄያት ነገር ነው። የከተማዋ ስም ራሱ «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ»፣ «ሃይቅ» እየተባለ ይጻፋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት በመካከለኛው ዘመን የሚጠራበት «ዐቃቤ ሰዓት» የተባለው ማዕረግም «አቃቤ ሰአት» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ማሽኑ ግን አያነብም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ሆነው ለየብቻ ተመዘገቡ። ትክክልም ነው፤ በግእዝ «ሠረቀ» ፀሐይ መውጣቷን፣ «ሰረቀ» ሌባ መስረቁን ይናገራሉና። በዚህ የተነሣ «ስውር-ግልባጭ» የሚለውን አማራጭ «ሥውር-ግልባጭ» ብሎ የጻፈ ጠንቃቃ ሰው «የማይታወቅ አማራጭ» የሚል ምላሽ ያገኛል። ለዚህ የሚበጀው መሣሪያው በአማራጮች ስም ላይ ብቻ ሞክሼዎችን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። በሰው ስም፣ በፋይል ስምና በመልእክቱ ሐተታ ላይ ግን አንዲት ሆሄ እንኳ መነካት የለባትም። ያላወቀውን አማራጭ ዘልሎ መልእክቱን የሚልክ መሣሪያ ደግሞ ቢቀር ይሻላል።

ቀንና ሰዓት ሌላ ወጥመድ ናቸው። «ሰዓት» የሚል አማራጭ ቢኖርና ሠራተኛው «3:00» ቢል፣ ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ያሰበው መልእክት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። ቀኑ የባሰ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በአኃዝ «5/13/2017» ተብሎ ሲጻፍ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም ስሕተቱን ይይዘዋል ተብሎ ይጠበቃል፤ በአሜሪካ አጻጻፍ ወርን የሚያስቀድም ፕሮግራም ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሜይ 13 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይቀበለዋል። የወሩ ስም በፊደል እንዲጻፍ፣ ሰዓቱም «ጠዋት» ወይም «ሌሊት» የሚል ቃል እንዲከተለው ማስገደድ ተጠቃሚን ማስቸገር አይደለም፤ ደብዳቤውም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚጻፈው።

በመሥሪያ ቤት ረቂቅ ሳይፈረምበት አይወጣም። የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎች ግን የተገላቢጦሽ ናቸው፤ በልማዳቸው ወዲያው ይልካሉ፤ መሞከር የፈለገ ሰው ለይቶ ማዘዝ አለበት። የጊት መልእክት መላኪያ ለዚህ የሰጠው የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል ሲተረጎም «ደረቅ ሩጫ» ይሆናል፤ አማርኛ ነው ለማለት ይከብዳል። «ረቂቅ» የሚለው ቃል ከነሥርዓቱ እያለ ወደዚያ መሄድ አያስፈልግም። እንዲያውም ተቀባዩ ከአንድ ሲበልጥ መሣሪያው ረቂቁን ማሳየትን ልማዱ ቢያደርግና ለመላክ «ይላክ» የሚል አማራጭ ቢጠይቅ፣ ፊርማና ማኅተም የሚያደርጉትን ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። የእንግሊዝኛው አማራጭ በየትኛውም አገር ይሠራል፤ ተማሪ አንዴ ካወቀው የትም ይጠቅመዋል፤ ሁለት ስም ደግሞ ሁለት መመሪያ ይፈልጋል። የታወቁት የእንግሊዝኛ ፊደላት ባሉበት ይቆዩ፤ የአማርኛው ስም ከጎናቸው ይጨመር እንጂ አይተካቸው። ነገር ግን መመሪያው ብቻ ተተርጉሞ ስሙ እንግሊዝኛ ይቅር የሚለው መካከለኛ ሐሳብ አያስኬድም። የመመሪያ ትርጉም ራሱ አደገኛ ቦታ እንደሆነ ለአምባሰል ሰው መንገር አያስፈልግም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ የሚናገረው ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስለሚደረግ መላላክ ነበር። አማርኛው በኢጣሊያ በኩል መላላክ እንደሚቻል፣ ኢጣሊያንኛው ደግሞ ግዴታ እንደሆነ ያስረዳ ነበር፤ መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። በኢሜይል መሣሪያም መልእክትን በሌላ አገልጋይ በኩል ማስተላለፍ አንድ አማራጭ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 2119 «ግዴታ ነው»፣ «ይመከራል»፣ «ይቻላል» የሚሉትን ቃላት አጥብቆ የለያየው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። የአማርኛው መመሪያ «ይደረጋል» በሚለው ለስላሳ ግስ ሦስቱንም ቢጠቀልላቸው፣ አንባቢው የተፈቀደለትን ከታዘዘው አይለይም።

ስያሜዎቹን መፈተን ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ኮዱ ከመጻፉ በፊት የአማራጮቹ ስም ብቻ በወረቀት ተጽፎ፣ ከሐይቅና ከውጫሌ ለተውጣጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ያለ ማብራሪያ ይቀርብና እያንዳንዱ አማራጭ ምን ያደርጋል ብለው እንደሚያስቡ ይጠየቃሉ። ከዚያ አንድ ደብዳቤ ይሰጣቸውና በየትኛው አማራጭ ምን እንደሚጽፉ፣ በየትኛውስ ሆሄ እንደሚጽፉት ይመዘገባል። «ስውር-ግልባጭ» ላይ ስንቱ እንደሚያመነታ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ነው። ሥራው ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው፤ ከደሴ ሐይቅ ድረስ ያለው መንገድም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።