አንድ ቱቦ ወይስ ሁለት?

እዚህ አሜሪካ ቪ8 ሞተር ያለው ፒክአፕ የሚነዱ ሁለት ወዳጆች አሉኝ። አንደኛው ከፋብሪካ የመጣለትን ነጠላ የጭስ ማውጫ ለዓመታት ሳይነካው ኖሯል። ሌላኛው መኪናውን በገዛ በዓመቱ ጋራዥ ወስዶ በግራም በቀኝም አፍ አስወጥቶለታል። ሁለቱም መኪና ያውቃሉ፤ ሁለቱም ገንዘብ በከንቱ የሚበትኑ ሰዎች አይደሉም። እኔም የራሴን ፒክአፕ ይዤ በሁለቱ መካከል ከቆምኩ ሰነበትኩ።

ድርቡን የሚመርጡት የሚነሡት ከሞተሩ አሠራር ነው። በቪ8 ስምንቱ ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ ስለሚቀመጡ ጭሱ ከመነሻው በሁለት መንገድ ይወጣል። በብዙ ፒክአፖች ላይ ፋብሪካው ሁለቱን መንገዶች ከሥር አገናኝቶ ወደ አንድ ማርሚታ ይሰዳቸዋል። «ሞተሩ በሁለት የሰጠንን ለምን በአንድ እናጠበዋለን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በተለይ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ፣ ጭሱ በሰፊው የሚወጣበት መንገድ ማግኘቱ የሚሰማ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ቁጥሩን ቁጭ አድርጎ ማስላት ግን ያስፈልጋል። ውስጡ 76 ሚሊሜትር፣ ማለትም 3 ኢንች የሆነ አንድ ቱቦ የሚከፍተው ቀዳዳ 4500 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። 57 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ቱቦዎች ተደምረው 5100 ገደማ ይሰጣሉ። ሁለቱ የሚበልጡ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭሱ የሚታከከው የቱቦ ግድግዳም በግማሽ ያህል ስለሚጨምር ብልጫው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ቱቦዎቹ 64 ሚሊሜትር ከሆኑ ድምሩ 6400 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ድርቡ በእርግጥ ይሰፋል። ስለዚህ የቱቦውን ስፋት ሳይጠይቁ ብዛቱን ብቻ መቁጠር ለየትኛውም ወገን ማስረጃ አይሆንም።

ነጠላውን የሚደግፉት ደግሞ «ጭሱ ትንሽ ካልታፈነ ጉልበት ይጠፋል» ሲሉ ይሰማሉ። እንደተባለው ከተወሰደ ትክክል አይመስለኝም፤ መታፈን በራሱ ሞተርን አይጠቅምም። ከአባባሉ ጀርባ ግን እውነት አለ። በፍጥነት የሚወጣ ጭስ ከኋላው ያለውን ስቦ ይወጣል፤ ቱቦው ከልክ በላይ ከሰፋ ፍጥነቱ ይቀንስና በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት ሊላላ ይችላል። ይህ በአብዛኛው የሚወሰነው ወደ ሞተሩ በቀረበው ክፍል ስለሆነ፣ ከማርሚታው በኋላ የሚደረግ ለውጥ የሚያመጣውን ጉዳት ማጋነን አይገባም። ቢሆንም ተጎታች ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው መኪናውን የሚፈልገው በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ላይ ነውና ስጋቱ መሠረት የለሽ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው የቦታ ጉዳይ ነው። በትልልቆቹ የአሜሪካ ፒክአፖች፣ በፎርድ ኤፍ-150፣ በሲልቨራዶና በራም፣ የነዳጅ ታንኩ የተቀመጠው በሾፌሩ በኩል ነው። የፋብሪካው የጭስ ማውጫ በቀኝ የሚሄደውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። በግራ ሁለተኛ ቱቦ ማሳለፍ ሙቀቱን ከታንኩ የሚከላከል ነገር ይጠይቃል፤ ከኋላ የተንጠለጠለው መለዋወጫ ጎማም ቦታ ይሻማል። ስለዚህ «ድርብ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ማርሚታው ድረስ ነጠላ ናቸው፤ በአንድ ገብተው በሁለት አፍ ይወጣሉ። ይህን ማጭበርበር ብዬ አልጠራውም፤ መልክና ድምፅ የፈለገ ሰው የፈለገውን ያገኝበታል። ጉልበት ፈልጎ የከፈለ ግን የገዛው ሌላ ነገር ነው። በሌላ በኩል ራም 1500 በ5.7 ሊትሩ ሄሚ ሞተር ከፋብሪካው ሁለት አፍ ይዞ ለገበያ ቀርቧልና፣ በጥንቃቄ ከተሠራ ችግሩ መፍትሔ አለው።

ድምፁ ላይ ሰዎች ይበልጥ ይለያያሉ። የቪ8ን ጉርምርምታ መውደድ ነውር አይደለም፤ ሁለቱን ቱቦዎች መሃል ላይ በኤክስ ወይም በኤች ቅርጽ ያገናኘ ሥራ ድምፁን ያለዝበዋል። እኔን የሚያሳስበኝ መኪናው በአውራ ጎዳና በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ጋቢናው ውስጥ የሚቆየው እምምታ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ግማሾቹን ሲሊንደሮች የሚያሳርፉ ሞተሮች በአራት ሲሊንደር ሲሠሩ እምምታው ይብሳል፤ የፋብሪካው ትልቅ ማርሚታ የተሠራው በከፊል ይህንን ለመዋጥ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ሞተር አስነሥቶ ሥራ የሚሄድ ሰውም ጎረቤት አለው።

ከሞተሩ ጀምሮ ሁለት ቱቦ ማለት ብዙ ጊዜ ሁለት ማርሚታ፣ ተጨማሪ ማንጠልጠያ፣ ተጨማሪ ክብደት፣ የሚዝግም ተጨማሪ ብረት ነው። በአጭር ጉዞ ብቻ የሚነዳ መኪና ቱቦው በደንብ ሳይሞቅ ስለሚቆም ውስጡ ውሃ ይጠራቀማል፤ ጨው በሚበተንባቸው የበረዶ ከተሞች ደግሞ ዝገቱ ከውስጥም ከውጭም ይመጣል።

አገር ቤት ሂሉክስ ደብል ጋቢና ለሚነዱ ግን ክርክሩ አጭር ነው። የናፍጣ ሞተሩ አራት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ ናቸው፤ ጭሳቸው ሁሉ በአንድ መንገድ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ለሁለት መክፈል መልክ ነው፤ ለመልክ መሆኑ ታውቆ ከተደረገ ቅሬታ የለኝም።

ለራሴ ቪ8 እያደር ያዘነበልኩት ወደ መሃሉ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ማንሣት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተከለከለ ስለሆነ እርሱና ከእርሱ ወደ ሞተሩ ያለው ሁሉ እንዳለ ይቆያል። ከእርሱ በኋላ አንድ 76 ሚሊሜትር የማይዝግ ቱቦና በመጠኑ ከፋብሪካው የማያንስ ማርሚታ ይበቃኛል ብዬ አስባለሁ። ተጎታች የማይጎትትና ሞተሩን በከፍተኛ ዙር የሚያሠራ ሰው ከሞተሩ ጀምሮ ሁለት የሆነውን ቢመርጥ ግን ተሳስቷል አልልም። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት በሁለት አፍ ያስወጣውን ወዳጄን መኪናውን እንዲያውሰኝ ለምኜዋለሁ፤ በመጪው ቅዳሜ ከኋላ ተጎታቼን አስሬ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ በ65 ማይል ፍጥነት አንድ ሰዓት እነዳዋለሁ።