የደኑም ዋጋ በመዝገብ ይስፈር!

የአንድ የልማት ዕቅድ ትክክለኛነት የሚመዘነው ዛሬ በሚያስገኘው ገቢ ብቻ ሳይሆን ነገ በሚያስከፍለው ዋጋም ጭምር ነው። ይህን መሠረታዊ ሐቅ በቃል የማይቀበል የለም። በተግባር ግን ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ ገነት እስከ ጌራ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ያዩ በተዘረጉት የቡና ወረዳዎች ስለ መሬት አጠቃቀም ውሳኔ ሲሰጥ ሚዛኑ ሲዛነፍ እንመለከታለን። የሚቋቋመው ፋብሪካ፣ የሚከፈተው እርሻ፣ የሚዘረጋው መንገድ ስንት ኩንታልና ስንት ብር እንደሚያስገኝ በአሃዝ ይሰፍራል። የሚመነጠረው ደን፣ የሚደፈርሰው ወንዝ፣ የሚታጠበው አፈር ግን መዝገብ የላቸውም። መዝገብ የሌለው ኪሣራ ደግሞ እስኪደርስ ድረስ ኪሣራ አይመስልም።

«ልማት ወይስ ደን?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ አቀራረብ ነው። ቡና በትውልዱ የደን ልጅ ነውና። የአካባቢው ሕዝብ የሚተዳደርበት፣ አገርም የውጭ ምንዛሪ የምታገኝበት ይህ ተክል የበቀለው በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ደኑ የቡናው ጥላ ብቻ ሳይሆን የዘሩም ጎተራ ነው።

ለዚህ ታሪክ ምስክር አለው። ሲ.ቢ.ዲ. በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን በታየ ጊዜ እንጭጩን ፍሬ እያጠቆረ በማርገፍ የቡና ምርታችንን ለከፍተኛ አደጋ አጋለጠው። ዘላቂው መፍትሔ የተገኘው በውጭ ምንዛሪ ከተገዛ ኬሚካል አልነበረም። የምርምር ባለሙያዎች ወደ ኢሉባቦርና ወደ ጅማ አካባቢ የቡና ደኖች ዘልቀው በሽታውን የተቋቋሙትን እናት ዛፎች መረጡ፤ ዘራቸውንም በጅማ ምርምር ጣቢያ ፈትነው ለገበሬው እንዲደርስ አደረጉ። 741፣ 74110፣ 74112 እየተባሉ የሚጠሩት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው። የቁጥራቸው መነሻ የሆነው 74 የተመረጡበትን ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። እነዚያ ዛፎች የቆሙበት ደን አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ለፈጣን ትርፍ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን የሚመዘግብ የሒሳብ ሠራተኛ ባልተገኘ ነበር። ምን እንደጠፋ እንኳ ባልታወቀ ነበር።

ከአጋሮና ከበደሌ አልፎ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ያዩ ደግሞ የቅርብ ዘመን ትምህርት ትሰጠናለች። የያዩ የቡና ደን 167 ሺህ ሄክታር ያህል ስፋት ይዞ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዘገበ። የዚህ ዓይነቱ ሥፍራ በሦስት ይከፈላል፦ የማይነካ እምብርት፣ ውስን አገልግሎት የሚሰጥ ቀበቶ፣ ሕዝቡ የሚኖርበትና የሚያርስበት ዙሪያ። ይሁን እንጂ በያዩ ምድር ሥር የድንጋይ ከሰል አለ። በዚሁ ከሰል ላይ የተመሠረተ፣ በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ተጀመረ። ማዳበሪያ ከውጭ ለምትገዛ አገር ዓላማው ሊነቀፍ አይችልም። ነገር ግን ገበሬዎች ከይዞታቸው ከተነሡ፣ ቢሊዮን ብሮችም ከፈሰሱ በኋላ ፋብሪካው በተያዘለት ጊዜ ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ በ2010ሮቹ መጀመሪያም ሥራው ከተቋራጩ እጅ ወጣ። የተጠበቀው ማዳበሪያ ለገበሬው ሳይደርስ የለቀቀው የቡና ማሳ ግን በዕለቱ ከእጁ ወጥቶ ነበር። ገቢው ተስፋ ሲሆን ኪሣራው እውን ነበር ማለት ነው። አንድ ዕቅድ ሲመዘን ሊሰመርበት የሚገባው ይህ ልዩነት ነው።

በሌላ በኩል ደኑን በአጥርና በዘብ ብቻ ለመጠበቅ የሚሻው አመለካከትም ከስሕተት የጸዳ አይደለም። ገበሬው ከደኑ የሚያገኘው ጥቅም ከሌለ ለደኑ የሚቆምበት ምክንያት አይኖረውም። የቡና ዋጋ በወደቀ ቁጥር የጥላ ዛፉን ቆርጦ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ የሚተክለው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም፤ የልጆቹን ቀለብና የትምህርት ወጪ አስልቶ ነው። ስሌቱን መለወጥ የሚቻለው በስብከት ሳይሆን በተጨባጭ ጥቅም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት ትብብር በበለጠ ጌራ ደን የተቋቋሙት፣ በአፋን ኦሮሞ ምኅጻራቸው ዋቡብ የሚባሉት የደን አስተዳደር ማኅበራት ይህን በተግባር አሳይተዋል። አባላቱ ደኑን የመጠበቅ ግዴታና በደኑ የመጠቀም መብት በአንድነት ተሰጣቸው። የደን ቡናቸውም የምስክር ወረቀት አግኝቶ ከተራው ገበያ በላቀ ዋጋ ተሸጠ። ግዴታና ጥቅም በአንድ እጅ ሲገቡ ደኑ ባለቤት አገኘ።

የውሃውም ጉዳይ ከዚሁ ተነጥሎ አይታይም። የታጠበ ቡና የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች መስፋፋትም ተገቢ ነው። ነገር ግን የፍሬው ገለፈትና የእጥበቱ ውሃ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ስኳሩ እየቦካ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ይህም የሚሆነው ክረምቱ አልፎ የወንዞች መጠን በሚቀንስበት የለቀማ ወራት ነው። ጣቢያው ሲያተርፍ ከታች ያለው መንደር የሚሸት ውሃ ይቀዳል። ገለፈቱን ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ መለወጥ፣ ፍሳሹን በጉድጓድ አቁሮ ማጣራት የሚያስወጣው ወጪ አለ። ያንን ወጪ መክፈል ያለበት ግን ያተረፈው እንጂ የተጠማው አይደለም። ተራራው በተራቆተ ቁጥር የሚታጠበው አፈርም እዚያው አይቀርም፤ በግልገል ጊቤ ግድብ ውስጥ ይከማቻል። የመጀመሪያው ጣቢያ ያመነጨበትን ውሃ ግልገል ጊቤ ሁለት በዋሻ ተቀብሎ እንደገና ስለሚያመነጭበት፣ በደለል የተሞላ ሐይቅ የሁለት ጣቢያዎች ዕዳ ይሆናል።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ምንድን ነው? ሕጉ አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ከሥራው በፊት እንዲካሄድ፣ ሕዝቡም አስተያየት እንዲሰጥበት ይደነግጋል። የጎደለው ድንጋጌ ሳይሆን ተግባር ነው። ከተወሰነ በኋላ የሚዘጋጅ ጥናት ሚዛን ሳይሆን ማኅተም ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያጠቃቸው ወገኖች ከሰሜን ወደ ከፋና ወደ ኢሉባቦር ሲሰፍሩ ሠፋሪውም ነባሩም ሕዝብ በበቂ ሳይጠየቅ ደን ተመንጥሯል፤ ረሃብን ለመታገል በሚል የተላለፈ ውሳኔ እንኳ ያለ ምክክር ሲፈጸም ምን እንደሚያስከትል ያ ዘመን አስተምሯል።

ስለሆነም ከወረዳ እስከ ፌዴራል በሚቀርብ በማናቸውም የመሬት ዕቅድ ከገቢው ዓምድ ጎን የኪሣራው ዓምድ እንዲሞላ እንጠይቃለን። ማን ምን ያጣል? በምን ይካሳል? ዕቅዱ ባይሳካ የተነሣው ገበሬ ወዴት ይመለሳል? እነዚህ ጥያቄዎች በቀበሌው ስብሰባ፣ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ ፊርማ ከመፈረሙ በፊት ይመለሱ።

ይህ የተፈጥሮ ፍቅር ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ቢራዘምም አቅጣጫው አይሳትም። ትናንት ለደኑ ዋጋ ያልሰጠው ገበያ ዛሬ ማስረጃ እየጠየቀ ነው። ለባዕድ ገዢ ብለን የምንሞላውን መዝገብ ለገዛ ልጆቻችን ብለን አስቀድመን ብንሞላው ይበልጣል። ደኑን የሸጠ ቡናውንም አብሮ ሸጧል፤ ቡናውን ያጣ ደግሞ የሚሸጠው ሌላ ነገር አይኖረውም።