መንበረ ፍትሕና ግምጃ ቤት በሴቶች እጅ

እ.ኤ.አ. በ1956 በፕሪቶርያ አደባባይ 20,000 ያህል ሴቶች የይለፍ ወረቀትን ቀንበር በመቃወም ተሰልፈው ከቆሙባት ከደቡብ አፍሪካ ምድር፣ ከ2009 እስከ 2014 ማዕከላዊውን ባንክ በገዥነት የመሩት የመጀመሪያዋ ሴት ጊል ማርከስ፣ በ2024ም የዋና ዳኝነቱን መንበር ከሴቶች ቀድመው የያዙት ማንዲሳ ማያ ተነሥተዋል። የሕዝብ እንባ ጠባቂዋ ቱሊ ማዶንሴላም በ2014 ርእሰ ብሔሩ ለግል መኖሪያቸው ከወጣው የሕዝብ ገንዘብ ከፊሉን እንዲመልሱ ያለ አድልዎ ሲያዙ፣ ብዙ ነቀፋ ቢደርስባቸውም፣ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2016 ትእዛዛቸውን አጽንቶታል። እንግዲህ ሥልጣን ለሴት በችሮታ የሚቸር ጸጋ ሳይሆን በትምህርት፣ በትጋትና በርትዕ የሚገኝ ማዕርግ መሆኑ ስለ ተመሰከረ፣ የአፍሪካ መንግሥታት ሁሉ የዳኝነቱንና የግምጃ ቤቱን በር ለልጃገረዶቻቸው ሳይዘገዩ ይክፈቱ።