ጨጓራው ሲጠብ ደላላው የት አለ?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፤ ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሰሞኑን ስልክ በከፈትን ቁጥር አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ነው የሚመጣብን። በግራ ወፍራም ሴት፣ በቀኝ ያቺው ሴት ቀጥና። ከሥሩ «ትኬት፣ ሆቴል፣ ኦፕሬሽን፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ፤ በሳምንቱ ሀገርዎ ይገባሉ» ይላል። አንዱ ቱርክ ይላል፣ ሌላው ሕንድ። «ቲቸር፣ ምን ይመክሩኛል?» ብላችሁ በኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ መልሴን እዚሁ ልስጥ።

ኦፕሬሽኑን አልቃወምም። ከልክ ያለፈ ውፍረት በሽታ ነው፤ ስኳርና ግፊት ላስቸገረው ሰው ይህ ቀዶ ሕክምና ትልቅ ጥቅም አለው። እኔ የምቃወመው አሻሻጡን ነው። በተለይ ደግሞ ሻጩ ከአፉ የማያወጣትን አንዲት ቃል ላንሳ፦ መጥበብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ስሊቭ» በሚባለው ኦፕሬሽን ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። ጨጓራ ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር አይደለም፤ ወደ ታች ሲወርድ ይታጠፋል። እዚያች እጥፋት ላይ ስቴፕለሩ ትንሽ ጠበቅ ካደረገ፣ ወይም ቱቦው ከተጠማዘዘ፣ ወይም ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ከጨመደደው መተላለፊያው ይጠባል። «ባይፓስ» በሚባለው ደግሞ የሚጠበው ጨጓራና አንጀት የተጋጠሙበት ቦታ ነው። ከስሊቭ በኋላ ይህ የሚያጋጥመው ከ100 ሰው ከ1 ላነሰ እስከ 4 ለሚሆን ነው፤ ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ይለያያል።

«ታዲያ ከ100 አራት ሰው ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ ቁጥሩ አይደለም። ጉዳዩ መቼና የት እንደሚመጣ ነው። ጥበቱ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ነው። ጥቅሉ ግን የአንድ ሳምንት ነው! ሰውየው ገና ፈሳሽ እየጠጣ ነው አውሮፕላን ላይ የሚወጣው። ጠንከር ያለ ምግብ መሞከር የሚጀምረው ሀዋሳ ከገባ በኋላ ነው። ያኔ ነው የአሞራ ገደል አሳ ደረቱ ላይ ቆሞ አልወርድ የሚለው። መጀመሪያ ጠጣሩ፣ ቀጥሎ ሾርባው፣ በመጨረሻ ውሃውና የገዛ ምራቁ ይመለሳል። ለደላላው ይደውላል። «ኖርማል ነው፣ ቀስ ብለህ ብላ» ይባላል። ሁለተኛ ሲደውል ስልኩ አይነሳም።

አሁን ወደ እኛው ቤት እንምጣ። እኛ ጋ ማቃጠሉም፣ ማስመለሱም ስሙ አንድ ነው፦ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ»። ጎረቤት ተልባ ያዛል፣ ፋርማሲው ኦሜፕራዞል ይሸጣል። ሰውየው ደግሞ ኦፕሬሽኑን ደብቋል። ለዘመድ የነገረው «ጂም ገብቼ ነው፣ እራት ትቼ ነው» ብሎ ነው። ጠባሳው አራት አምስት ትንንሽ ነጥብ ስለሆነ ልብስ አስገልጦ ያላየ ሐኪም አያውቅበትም። ቀዶ ሐኪሞቻችን የጨጓራ መጥበብ አያውቁም እንዳትሉኝ፤ በቆየ የጨጓራ ቁስለት ጠባሳ የተዘጋ መውጫ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። ያልተነገራቸውን ግን ከየት ያምጡት?

እኔን የሚያስፈራኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ትውከቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲገፋ ሰውነት ያጠራቀመው ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል። ቢ1 ሲያልቅ አንጎል ይጎዳል፤ ዓይን አልረጋ ይላል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ሰውየው ይቀባዥራል። በዚህ ሰዓት በየክሊኒኩ የሚደረገውን ታውቁታላችሁ፦ «አቅም እንድታገኝ ግሉኮስ ይሰቀልላት»። ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ የቀረችውንም ጥቂት ቢ1 አሟጦ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ክሊኒክ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቧት።

ሕክምና የለውም እያልኩ አይደለም። አለው። በኢንዶስኮፒ ፊኛ ገብቶ ጠባቡ ቦታ ይለጠጣል፤ አንድ ዙር ላይበቃ ስለሚችል ይደጋገማል። እምቢ ካለ ስሊቩ ወደ ባይፓስ ይቀየራል፤ ሌላ ኦፕሬሽን፣ ሌላ ገንዘብ። ኢንዶስኮፒ ያለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ፊኛውና በፊኛው የሠለጠነ እጅ አለ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃ የማይወርድለት ሰው ያን መንገድ ስንቴ ይመላለስ? ይሄ ሁሉ በጥቅሉ ዋጋ ውስጥ ነበር እንዴ?

እንግሊዝን ያህል ሀገር እንኳ በ2023 እ.ኤ.አ. 6 ዜጎቹ ቱርክ ሄደው ሕክምና ካደረጉ በኋላ መሞታቸውን ገልጾ ተጓዦቹን አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ስለ ስሊቭ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕክምና ጉዞ ሁሉ ነው። እኛን ማን ያስጠንቅቀን?

«ቲቸር፣ ወፍራም ሰው ታክሲ ውስጥ ምን እንደሚባል አታውቅም» ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ። «የሁለት ሰው ክፈይ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲስቅም አይቻለሁ። ለዚህም ነው የምቆጣው። ሰውን ወደ ደላላ የሚገፋው ያ ሳቅ ነው። ሲታመም የሚያስደብቀውም ያው ሳቅ ነው። ደላላው የሚነግደው በኛ አፍ ነው።

እንግዲህ የምታስቡ ካላችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አስመልሱ።

አንደኛ፦ በስድስተኛው ሳምንት ማስመለስ ብጀምር እዚህ ሀገር የሚያየኝ ሐኪም ማነው?

ሁለተኛ፦ ጨጓራው ቢጠብ ማስፊያው የት ነው የሚሠራው፣ ማንስ ይከፍላል?

ሦስተኛ፦ ኦፕሬሽኑ በምን መልኩ እንደተሠራ የሚገልጸው ሙሉ ወረቀት እጄ ላይ ይሰጠኛል ወይ?

አድርጋችሁ የተመለሳችሁ ደግሞ አትደብቁ። ማስመለሱ ካላቆመ ተልባ አትጠጡ፣ ሐኪም ፊት ቁሙና «ጨጓራዬ ተቆርጧል» በሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ደላሎችም እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ያለው ከሥር ይጻፍ። ኮሜንቱ ክፍት ነው።